በመካነ ሰላም ከብት ተራ፤ በሬው ተወደደ፤ ገበሬው ምን አተረፈ?

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። ይህችን ከተማ በስም የሚያውቃት ብዙ ነው፤ በዓይኑ ያያት ግን ጥቂት ነው። ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ደሴንና ኮምቦልቻን አይቶ፣ ወይም ሐይቅንና ግሸንን ተሳልሞ ይመለሳል እንጂ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ እስከ ዓባይ አፋፍ የሚዘልቅ አይደለም። እኛ ግን በከተማ ያሉ ወዳጆቻችን በየበዓሉ «በሬ እንዲህ የተወደደው ለምንድን ነው?» እያሉ ሲጠይቁን፣ በሬውን የሚያሳድገውን ሰው ሳናይ መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ ስላልታየን፣ በሬው ከሚነሣበት አገር ድረስ ሄደን ማየትን መረጥን። ያየነውንና የሰማነውንም ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፣ ይልቁንም ቤት ለሚያስተዳድሩ ባለ ትዳሮችና ሕዝብ ለማስተዳደር ለተሾሙ ሁሉ፣ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ለጋምቦን አቋርጦ በአቀስታ በኩል ያልፋል። ለጋምቦ ብርቱ ደጋ ነው። ጧት ጧት ጉሙ ሜዳውን ስለሚሸፍነው የበጎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ጉሙ ሲገለጥ ግን የገብሱ ማሳና የሣሩ መስክ ዓይን እስከሚያደርስ ተዘርግቶ ይታያል። የዚህ አገር ገበሬ በክረምቱ ዝናም ብቻ ሳይሆን በበልጉም የሚያርስ ስለ ሆነ፣ በልግ የቀረ እንደ ሆነ ዓመቱ ለሰውም ለከብትም የጭንቅ ዓመት ይሆናል። ከአቀስታ ወዲያ መንገዱ ወደ ቦረና ወረዳ ይገባል። በዚያ አካባቢ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ ይገኛል፤ ዛሬ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ከከተማዪቱ ባሻገር ደግሞ ምድሩ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። እንግዲህ ውርጭ የሚመታው ደጋና ላብ የሚያስወጣው ቆላ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚመጣው ከብትም ከሁለቱ የተውጣጣ ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ልናስረዳ ይገባናል። በአዲስ አበባ «የቦረና ከብት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በደቡብ፣ በኬንያ ወሰን የሚገኘውን ቦረናን ነው። የዚያ አገር ከብት ቁመቱ የረዘመ፣ ገላው የሞላ፣ ስሙም በዓለም የታወቀ ነው፤ ወደ ኬንያ ተሻግሮ በታላላቅ የከብት እርባታ ቦታዎች ተዋልዷል፤ ዘሩም እስከ አውስትራልያ ድረስ ተወስዷል። የወሎው ቦረና በስም ይገጥመዋል እንጂ ከብቱ ሌላ ነው። ይህኛው ቁመቱ አጠር፣ አጥንቱ ቀጠን ያለ፣ ዳገትና ቁልቁለትን፣ ብርድንና የመኖ እጥረትን የለመደ የደጋ ከብት ነው። የደቡቡ ኮርማ ገና በወጣትነቱ ተሰብስቦ ለውጭ አገር ገበያ ይፈለጋል፤ የደጋው በሬ ግን አርሶ አርሶ ሲደክም ደልቦ ለአገር ውስጥ ቢላዋ ይቀርባል። የነገራችንም ፍሬ በዚህ «አርሶ አርሶ» በሚለው ቃል ላይ ያረፈ ነው።

በገበያው ቀን ገና በማለዳ ወደ ከብት ተራው ወጣን። ገበሬው ጋቢውን ተከናንቦ፣ በትሩን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ከብቱን ከፊቱ እየነዳ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አንዳንዱም ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ነው። ከብቱ በየዓይነቱ ተለይቶ ይቆማል፤ ላም ከነጥጃዋ በአንድ ወገን፣ ጊደርና ወይፈን በሌላው፣ የሚያርስ በሬ ራሱን ችሎ፣ ለዕርድ የደለበው ሰንጋም ራሱን ችሎ። ነጋዴው ወደ ሰንጋው ቀርቦ ሻኛውን ይጨብጣል፤ ጎድኑን በጣቶቹ ይጫናል፤ ከጭራው ሥር ያለውን ስብ ይዳስሳል፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ከዚህ በኋላ ዋጋ ይጠራል።

እኛ በነበርንበት ቀን ሚዛን አላየንም፤ ሁሉ ነገር በዓይንና በእጅ ግምት ነበረ። ነጋዴው በየሳምንቱ የሚገዛ ስለ ሆነ ዓይኑ ሚዛን ሆኖለታል፤ ገበሬው ግን በብዙ ዓመት አንዴ የሚሸጥ ነውና፣ ወተት ጠብቶ ሲያድግ ጀምሮ የሚያውቀው በሬ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ከማያውቀው ሰው ይሰማል። በሁለቱ መካከል ደላላው ይመላለሳል። ደላላው ያለ ጥቅም የሚቆም ሰው ነው ማለታችን አይደለም፤ ገዢና ሻጭን ያገናኛል፤ ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑንም ብዙ ጊዜ የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። ነገር ግን የደሴንና የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ የሚሰማው እርሱና ነጋዴው ሲሆኑ፣ ባለ በሬው የሚሰማው የእነርሱን ቃል ነው።

በሌላ አገር የሥጋ ከብት ማለት ለሥጋ ተብሎ የተወለደ፣ ለሥጋ የተቀለበ፣ ዕድሜውም ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሆን የሚታረድ ነው። በደጋው አገራችን ግን በሬ አስቀድሞ የእርሻ መሣሪያ ነው። ወይፈኑ ለቀንበር ይገራል፤ አምስትም ሰባትም ዓመት ያርሳል፤ ጉልበቱ ሲቀንስ ብቻ ወደ ማድለቢያው ጋጥ ይዛወራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ ባለ አንድ በሬ የሆነውን ጎረቤቱን ፈልጎ በመቀናጆ ያርሳል፤ ጨርሶ የሌለው ግን መሬቱን ለባለ ጥማድ ሰጥቶ እህሉን ለመካፈል ይገደዳል። ስለዚህ በዚህ አገር የአንድ በሬ መኖርና አለመኖር የአንድን ቤት ኑሮ ይለውጣል።

ይህን ያልተረዳ ሰው በቍጥር ብቻ ይሳሳታል። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ ከብቷ 70 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ ከብት በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ሲቈጠር 86.7 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ይህም ከሰባ ዓመት ወዲህ ያልታየ ዝቅተኛ ቍጥር ስለ ነበረ፣ የበሬ ሥጋ በዚያም አገር ከመቼውም ይልቅ ተወደደ። በቍጥር ሲታይ ያን ያህል አንራራቅም። ነገር ግን ከአንዱ የአሜሪካ በሬ ከ350 ኪሎ በላይ ሥጋ ሲገኝ፣ ከእኛው በአማካይ የሚገኘው 110 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ የገበሬውን ስንፍና አያሳይም። የእኛ በሬ ጉልበቱን ለጤፉና ለስንዴው ሰጥቶ፣ የተረፈውን ይዞ ወደ ቄራ የሚሄድ ነውና።

የወሎ ሰው በሬን እንዲህ የሚያከብረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው፣ በአገራችን «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ፣ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣውም ታክሎበት እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ክፉ ቀን መጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ሕዝቡ ያለ በሬ ማረስን እንዲለምድ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ይታወቃል። ኋላም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ተመታ። የሕንዱ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ወሎ ረኀብ ሲጽፉ፣ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን እህል የሚገዛበት አቅም ስላጣም ጭምር መሆኑን አስረድተዋል። ይህንንም የከብት ገበያ በግልጥ ያሳያል። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሬውን ለመሸጥ ይወጣል፤ ከብቱ ከስቶ፣ ሻጩ በዝቶ፣ ገዢው ጠፍቶ ዋጋው ይወድቃል፤ እህሉ ግን አይወድቅም። በሬውን በርካሽ የሸጠ ሰውም ዝናም በተመለሰ ጊዜ የሚያርስበት የለውም።

ደግ ዜናም አለ። ያ «ደስታ» የተባለው በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ባገኙት ክትባት፣ በኋላም ሙቀት በሚችለው ክትባት ብዙ ዘመቻ ተደርጎ፣ በአፋር በረሓ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ሳይቀሩ እየከተቡ፣ አገራችን በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ሰው በዘመቻ ያጠፋው በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ይኸው ነው። ነገር ግን አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ የሳምባ በሽታና አፍተግር ገና አሉ። ይልቁንም አፍተግር በአገራችን እስካለ ድረስ ዋጋ ያላቸው ታላላቅ የውጭ ገበያዎች ለከብታችን በራቸውን አይከፍቱም።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንመለስ። በአሁኑ ዘመን በአዲስ አበባ የበዓል ገበያ የደለበ ሰንጋ ከ100 ሺህ ብር በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የከተማው ሕዝብ በዝቷል፤ የግጦሹ መሬት ግን እየታረሰ ጠቧል። ፋጉሎውና ፉሩሽካው ተወድዷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ነዳጁም የመኪናው ዕቃም ዋጋው ጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ሳሉ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ነጋዴው ይቀራል፤ ነጋዴ በቀረበት ቀን የመካነ ሰላም በሬ ይረክሳል፤ በዚያው ቀን ግን የአዲስ አበባው በሬ ይወደዳል። ይህንን አንባቢ ልብ ይበል። ችግሩ አንድ ሲሆን ሻጩን በርካሽ፣ ገዢውን በውድ ይጎዳል።

በሬው ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ብዙ እጅ ያልፋል። ሰብሳቢው ነጋዴ ይገዛዋል፤ ደላላው ድርሻውን ይወስዳል፤ ኮቴ ይከፈልበታል፤ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ደሴ ይወርዳል፤ ከደሴም እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመንገድ ላይ ቆሞ፣ ተጠምቶ፣ ተጋፍቶ ስለሚውል ከሥጋው ይቀንሳል፤ የተሰበረና የሞተ ካለም ኪሣራው ቀድሞ በዋጋው ውስጥ ይታሰባል። እያንዳንዱ እጅ ድካም አለበትና ጥቅም ማግኘቱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ወጪውን ሲያሰላ የሚቀንሰው ከመጀመሪያው ሰው ዋጋ ላይ ነው።

ከሰንጋው ተራ አንድ ዳለቻ በሬ ይዘው የቆሙ አዛውንትና ባለቤታቸውን አገኘን።

«አባባ፣ በሬው ስንት ዓመት አርሶልዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ሰባት ዓመት አርሶልኛል። ዘንድሮ ግን ዳገቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ ያስብ ጀመር። እኔም እንደ እርሱ ነኝ» ብለው ሣቁ።

ባለቤታቸው ግን አልሣቁም። «አተላውን እያጠለልኩ፣ ጭዱን በጨው ውኃ እያርከፈከፍኩ፣ ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ያበላሁት እኔ ነኝ። ልጆቼን እንኳ እንዲህ አላጎረስኩ» አሉ።

ነጋዴው የጠራው ዋጋ ቤታቸው ሳሉ ካሰቡት ያነሰ ነበረ። ደላላው አዛውንቱን ወደ ዳር ስቦ፣ መኪናው ሞልቶ ሊሄድ መሆኑን፣ ፀሐይ ሲበረታም ዋጋው ይበልጥ እንደሚወርድ ነገራቸው። ሴትዮዋ «ይመለስ፤ ለሚመጣው ሳምንት እናቆየው» አሉ። ሽማግሌው ግን የቤቱን መንገድ ርዝመትና የቀረውን መኖ አሰቡና እሺ አሉ። ገንዘቡ ተቈጠረ። ዳለቻውም ገመዱ ተለውጦ ሲነዳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አየ፤ ሴትዮዋም ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ታሪኩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበረ። አዛውንቱ ግን ገንዘቡን በጉያቸው ይዘው በቀጥታ ወደሚያርስ በሬ ተራ ሄዱ። ለዳለቻው ጥማድ የሚሆን ወይፈን ሳይገዙ መመለስ አይችሉም ነበረና። እዚያም ዋጋው ያው እንደ ሰንጋው ተወድዶ ቆይቷቸዋል። ወይፈኑን ገዝተው ሲጨርሱ በእጃቸው የቀረው ለማዳበሪያው ዕዳ የሚበቃ አልነበረም። «የሸጥነውም ውድ፣ የገዛነውም ውድ፤ እጃችን ግን ያው ነው» አሉ ሴትዮዋ። የከተማው ወዳጃችን «በሬ ሲወደድ ገበሬው ከበረ» ይላል፤ እኛም ከመሄዳችን በፊት እንዲሁ ይመስለን ነበር። እውነቱ ግን ለሥጋ ብቻ የሚያደልብና የሚነግድ ሰው ይከብር ይሆናል፤ አራሹ ግን ከሚሸጠው ጋር የሚተካውም ስለሚወደድ ባለበት ይቆማል፤ በሬ የሌለው ወጣት ጎጆ ወጪ ደግሞ ከቶ አይደርስበትም።

የወሎ ገበያ ግን ሌላው አገር የማያገኘው አንድ በረከት አለው። በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ገበያውም በሁለት የቀን መቍጠሪያ ይሄዳል። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ስለማይበላ የእርሱ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ግን ቅርጫው ይደምቃል። እስላሙ በረመዳን ቀን ቢጾምም ማታ ሥጋ ስለሚበላ ገበያው አይሞትም፤ ለአረፋም ሰንጋ ይፈልጋል። የእስላሙ በዓል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይጎራበታሉ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን ገባ፤ ፋሲካው ሚያዝያ 12፣ አረፋውም ግንቦት 29 ቀን ዋለ። ይህን አስቀድሞ የሚያሰላ ቤት፣ በሬውን ከፋሲካ ወይም ከአረፋ ሦስት ወር ቀድሞ ወደ ጋጥ ያስገባዋል። የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች ጉርብትና ለገበሬው የሁለት በዓል ገዢ ሆኖለታል ብንል አንሳሳትም።

በዚህ ጕዞ ከባለሙያዎችና ከአርቢዎች የተማርነውን ለቤት የሚጠቅም ምክር ደግሞ እንጨምር። መጀመሪያ፣ ሚዛን በሌለበት አገር ሜትር ይተካዋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ መለካትና ለዚሁ ከተሰናዳው ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት የበሬውን የቁም ክብደት በግምት ያሳውቃል፤ ከዚህም እኩሌታው ያህል ሥጋና አጥንት ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ የከተማውን የኪሎ ዋጋ ከልጁ በስልክ ጠይቆ፣ በገበያው ላይ በልበ ሙሉነት መቆም ይችላል። ሁለተኛ፣ ጭድና ድርቆሽ ከአጨዳ በኋላ በርካሽ ሳለ ይከማች። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ፣ በላዩ ተርከፍክፎ፣ አየር እንዳያገባ ታፍኖ ሦስት ሳምንት ቢቆይ፣ ጭዱ ለስልሶ ይበልጥ ያደልባል፤ ዩሪያውን እንዲያው መስጠት ወይም ልኩን ማሳለፍ ግን ከብት ይገድላልና ያለ ባለሙያ አይሞከር። ሦስተኛ፣ ጎረቤታሞች በአንድነት አድልበው በአንድ መኪና ቢጭኑ፣ አንዱ ብቻውን ያጣውን የመደራደር ኃይል በአንድነት ያገኙታል። አራተኛውም፣ በሬው ሲሸጥ ያደለበችው ሚስት ትጠየቅ። በዚያች ቀን «ይመለስ» ያሉት ሴት የመኖውንም የድካሙንም ሂሳብ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

ሹማምንትም ድርሻቸው አላቸው። በየከብት ተራው አንድ የከብት ሚዛን መትከል፣ የደሴንና የአዲስ አበባን የሳምንቱን ዋጋ በገበያው በር በትልቅ ጽሕፈት መለጠፍ፣ ኮቴን በአንድ ቦታ በደረሰኝ ተቀብሎ በየኬላው እንዳይደገም ማድረግ፣ ክትባቱን በሽታው ከመግባቱ በፊት ማድረስ፣ ከብቱ የሚጠጣበትን ገንዳና የሚጫንበትን መድረክ መሥራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን በስሟ ያለው ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ነጋዴው ይመጣል፤ ነጋዴ በበዛ ቀን ገበሬው ይመርጣል።

ማታ ወደ ማረፊያችን ስንመለስ እነዚያን አዛውንትና ባለቤታቸውን በመንገድ ላይ አገኘናቸው። አዲሱን ወይፈን ከፊታቸው እየነዱ ነበር። ገና ቀንበር ያልለመደ ስለ ሆነ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይፈናጠራል። «ስሙን ማን አላችሁት?» ብለን ጠየቅን። ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ተመለከቱ። እርሳቸውም «ዳለቻ ነው እንጂ ሌላ ምን እንለዋለን» አሉና ወይፈኑን በእጃቸው መታ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።